አራተኛው ትከሻ

ዝናቡ ሲጀምር ማንም ቀና ብሎ አላየውም። በዚያ ጫካ ውስጥ ዝናብ እንደ ቅርብ ጎረቤት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሲሄድም አይሰናበትም። አናጢው ከቤቱ ወለል ሥር በደረቱ ተኝቶ፣ ምስጥ የጀመረውን ቋሚ በመዶሻው ጫፍ ነካ ሲያደርገው እንጨቱ እንደ ራሰ ዳቦ ረገፈ።

«ይኸም ሄደ» አለ ለራሱ።

አምና በገዛ እጁ የተከለው ቋሚ ነበር። ይህን ቤት ሠርቶ አልጨረሰም ማለት ይቻላል፤ ወይም ደግሞ ደጋግሞ ጨርሶታል። አንዱን ጥግ ሲጠግን ሌላው ጥግ ይበሰብሳል። ልብስ ታጥቦ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ጫማ አንድ ሳምንት ካልተደረገ ጢም ያበቅላል፣ ጨው በቆርቆሮው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ክብሪትን ሚስቱ እንደ ሕፃን በጉያዋ ታሳድረዋለች። በቆሎውን መጀመሪያ ጦጣ ይቀምሰዋል፣ ከተረፈ ሰው ይበላዋል። ወባዋም ብትሆን ማንንም አታስቀይምም፤ ተራ ጠብቃ ሁሉንም ቤት ትጎበኛለች።

ሰፈሩ ድሮ ሰፈር ነበር። ከወንዙ ዳር ባሉት በቋሚ ላይ በተሠሩ ቤቶች ጢስ የማይወጣበት ቤት አልነበረም። በኋላ አስተማሪው ለፈቃድ እንደ ወጣ ቀረ፤ ሰሌዳውንም ምስጥ በላው። ቀጥሎ ወጌሻው ልጆቹን ይዞ ወጣ። ወንዶቹ ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር የጣውላ መሰንጠቂያ ተከፍቷል ሲባል አንድ አንድ እያሉ ሄዱ፤ ሚስቶቻቸው ከልጆች ጋር «ይልክብናል፣ ይወስደናል» እያሉ ይጠብቃሉ። ደህና ጉልበት ያለው ወንድ ከተባለ የቀረው አናጢው ነው፣ እና ባለቀፎው ጎረቤቱ። ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው። ዓመት ሙሉ እየሳሉ «ጉንፋን ነው» ስለሚሉ ልጆቹ «ጋሽ ጉንፋን» ብለው አወጡላቸው፣ ስሙም ጸደቀ።

አናጢው መውጣት ጠልቶ አይደለም። አንድያ ልጁ ከመንገዱ ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማ ከሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በየበጋው «ዘንድሮስ እንወጣለን» ይላል። በየበጋው ደግሞ አማቱ ከተቀመጡበት ሆነው ያችኑ መልስ ይሰጣሉ፤ «እናንተ ሂዱ። እኔ ባሌን ለጦጣ ጥዬ የትም አልሄድም።» የሚስቱ አባት መቃብር ከቤቱ ጀርባ ነው። ሚስቱ እናቷን ጥላ አትሄድ፣ እሱ ሚስቱን ጥሎ አይሄድ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ምስጡ ይመለሳል።

እሱና አማቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ሁለቱ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አማቱ «ለባልሽ ንገሪው» ይላሉ። እሱም «ለእናትሽ ንገሪያቸው» ይላል። በመካከላቸው ያለችው ሚስት፣ ሁለቱም የሚሰማ ጆሮ እያላቸው፣ የአንዱን ለሌላው ስትደግም ትውላለች። ከሰሞኑ የመጣው መልእክት ስለ ደረጃው ነበር። «ለባልሽ ንገሪው፣ ደረጃው ይነቃነቃል።» «ንገሪያቸው፣ ነገ እሠራዋለሁ።»

እና ያን ጠዋት ከወለሉ ሥር እንደ ተኛ መጀመሪያ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ የባልዲ መንኳኳት፣ ቀጥሎ ደግሞ እስከ ዛሬ ሰምቶት የማያውቀውን የአማቱን ጩኸት ሰማ።

ተስቦ ሲወጣ አማቱ ጭቃው ላይ ወድቀዋል። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ሚስቱ ከጓዳ እየሮጠች ወጥታ ጭንቅላታቸውን አቀፈች። አማቱ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን አናጢው ላይ ተክለው፣ «ነግሬው ነበር» አሉ። ለሚስቱ ነበር የተናገሩት።

አናጢው ሁለት ስስ ጣውላ አምጥቶ እግሩን በመካከል አድርጎ በጨርቅ አሰረ። ጩኸቱን ሰምተው ባለቀፎውና ጋሽ ጉንፋን መጡ። የባለቀፎው ሚስትም ሆዷን በእጇ ደግፋ ከኋላቸው ደረሰች፤ እርግዝናዋ ገፍቷል።

ጋሽ ጉንፋን ጎንበስ ብለው እግሩን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ እዚህ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ወደ መንገዱ ነው።»

ወደ መንገዱ ማለት ለደህና እግረኛ ግማሽ ቀን ማለት ነው። ለቃሬዛ ግን እግዜር ይወቀው።

«እኔ አለሁ» አለ ባለቀፎው። «አንተ አለህ።»

«እኔስ ምን ሆኜ ነው?» አሉ ጋሽ ጉንፋን።

«ጋሼ፣ ሳልዎ እኮ…»

«ጉንፋን ነው አልኩህ!» አሉና እስኪንበረከኩ ሳሉ።

ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። ሁሉም ያንን ያውቃል፤ የቀሩት ሴቶች ግን ልጅ በጀርባቸው ነው። የባለቀፎው ሚስት ብድግ ልትል ስትሞክር ባሏ በዓይኑ አስቀመጣት። ያን ጊዜ የአናጢው ሚስት ሻሿን ፈታ እንደገና ጥብቅ አድርጋ አሰረችና፣ «አራተኛው ትከሻ የኔ ነው» አለች።

«ያንቺ?» አሉ እናቷ ከጭቃው ላይ። «ሴት ልጄ ተሸክማኝ ሰው ምን ይላል?»

«የቱ ሰው እማዬ? ሰው ካለ አሳዪኝና እሱ ይሸከምሽ።»

አናጢው የሁለት ጆንያ ጥግ ቀደደና ሁለት ረጃጅም እንጨት አሾልኮ ቃሬዛ ሠራ። አማቱን አስተኝተው በላስቲክ ሸፈኗቸው። እሱና ባለቀፎው ከፊት፣ ሚስቱና ጋሽ ጉንፋን ከኋላ ሆነው አነሱ።

ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ ችግሩ ታወቀ። የፊቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ የኋላዎቹ አጫጭር።

«እግሬ ሰማይ ሊነካ ነው!» አሉ አማት። «ደሜ ሁሉ ወደ ጭንቅላቴ ወረደ።»

አዙረው ጭንቅላታቸውን ወደ ፊት አደረጉት። ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያው ሆነ። ባለቀፎው በሳቅም በምሬትም መካከል ሆኖ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል» አለ።

«ሎሚ አደረግከኝ?» አሉ አማት።

«ኧረ ምን በወጣኝ! ሃምሳው ሰው የት ሄደ ማለቴ ነው።»

መንገድ የሚሉት ነገር ጭቃና ሥር ነው፤ ሥሩን ሲሸሹ ጭቃው እስከ ባት ይውጣል፣ ጭቃውን ሲሸሹ ሥሩ ያንሸራትታል። ከላይ ቅጠሉ ስለ ገጠመ ቀኑ ነግቶም ያልነጋ ይመስላል። አልቅት ከቁርጭምጭሚት ላይ እያነሱ የሚጥሉት ለዕረፍት ሲያወርዱ ብቻ ነው። አናጢው በእንጨት ሥራ ሸክም የለመደ ሰው ነበር፤ ጣውላ ግን አይቃትትም። ከኋላው በየእርምጃው የሚሰማት ያቺ የታፈነች ድምፅ ከክብደቱ ይልቅ ታደክመው ነበር። «ነገ እሠራዋለሁ» ያላት ቃል ምላሱ ላይ እንደ ዝገት ትመረዋለች። ምስማሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሥራው የአንዲት ምስማር ሥራ ነበር።

አንድ ትልቅ የወደቀ ግንድ አጠገብ አረፉ። ጋሽ ጉንፋን ፈቀቅ ብለው ሳሉና አፋቸውን በቅጠል ጠርገው ቅጠሉን ወደ ሣሩ ወረወሩት። አናጢው ቅጠሉን አየ፤ ቀይ ነበር። ጋሽ ጉንፋን ማየቱን አዩ።

«ዝም በል» አሉት ቀስ ብለው። «መጀመሪያ እሷን እናድርስ።»

ወንዙ ጋ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ድልድይ የሚሉት አናጢው ራሱ ጠርቦ ያጋደመው አንድ ግንድ ነበር። ግንዱ የለም። ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍ እየጠቀለለ ይወርዳል።

ባለቀፎው በዘንግ እየለካ ገባና ተመለሰ። «ደረት ይደርሳል። ከዚህ በላይ ከጠበቅን ደግሞ ጭንቅላት ይደርሳል። ቃሬዛው አይሆንም፤ ጎርፉ ይነጥቀናል። አንድ ሰው በጀርባው አዝሏቸው፣ እኛ ከላይና ከታች ደግፈን ነው።»

ሁሉም ወደ አናጢው ዞሩ። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው። እሱ ወደ ሚስቱ ዞረ። አማቱም ወደ ሚስቱ ዞሩ።

«ለባልሽ ንገሪው…» ብለው ጀመሩ።

ሚስቱ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ትከሻዋ ላይ እንጨቱ የላጠውን ቆዳ በጨርቅ እየጠረገች ነበር። «እማዬ፣ ይኸው ፊትሽ ቆሟል! ዛሬ ሰለቸኝ። ራስሽ ንገሪው!»

አማቱ አናጢውን ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ትጥለኛለህ?»

«አልጥልዎትም።»

«ደረጃውንም ነገ እሠራዋለሁ ብለህ ነበር።»

ባለቀፎው ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሽ ጉንፋንም ሊስቁ ሲሉ ሳሉ። አናጢው ፊቱን ዞሮ ቁጢጥ አለ፤ አማቱን በጀርባው ላይ ጫኑለት። እጃቸው አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ወደ ውሃው ገባ። ባለቀፎው ከላይ በኩል ደረቱን ለጎርፉ ሰጥቶ፣ ሚስቱና ጋሽ ጉንፋን ከታች በኩል የተሰበረውን እግር ከነጣውላው ከፍ አድርገው ይዘው፣ አንድ እግር በአንድ እግር ተጓዙ። መሀል ላይ ድንጋይ ከሥሩ ከዳውና ውሃው አገጩ ደረሰ። አማቱ አልጮሁም። የሸሚዙን ኮሌታ በጥርሳቸው ነክሰው ያዙ፤ ትንፋሻቸው ማጅራቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፤ እንደ ወፍ። ያን ሁሉ ዓመት ከባድ ሴት ናቸው ብሎ ያስብ የነበረ ሰው አሁን በጀርባው ላይ ምንም የሌለ መሰለው፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ሆኖም ደነገጠ። «እኝህ ሴት መቼ እንዲህ አለቁ?»

ማዶ ሲያወርዳቸው ሁለቱም ለመተያየት አፈሩ። አማቱ የነከሱትን ኮሌታ በመዳፋቸው አስተካከሉና፣ «እንሂድ እንጂ፣ ይመሻል» አሉ፤ ለማን እንደ ሆነ አልታወቀም።

ባለቀፎው ተመልሶ ያሻገረውን ቃሬዛ እንደገና ተሸክመው መንገዱ ዳር ሲደርሱ ለዓይን ያዝ ሊያደርግ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጣውላ የጫነ መኪና አቆመላቸው፤ ሾፌሩ ጭቃቸውን ዓይቶ ጋቢናውን ለአማትና ለልጃቸው ለቀቀ፣ ወንዶቹ ከላይ ጣውላው ላይ ወጡ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ እግሩን አይታ፣ «ጥሩ አስራችኋል» አለች፤ ወዲያው ግን ጆሮዋን ቀና አድርጋ፣ «ይሄ የሚስለው ማን ነው?» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

«ጉንፋን ነው» አሉ ጋሽ ጉንፋን።

ነርሷ እጅጌያቸውን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻቸው። ሲመረመሩ ሳንባቸው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ለወራት የሚወሰድ ነው፣ ከጤና ጣቢያው መራቅ የለም ተባሉ። ሽማግሌው ኩርፍ አሉ፤ ግን አልጋው ደረቅ መሆኑን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አናጢው አይቷቸዋል።

ባለቀፎው ሚስቱን አስቦ በማግሥቱ ተመለሰ። አማቱ እግራቸው በጀሶ ታሽጎ ወደ ልጅ ልጃቸው ክፍል ተወሰዱ። ክፍሉ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ። አማቱ መስኮቱ ሥር ተኝተው መንገደኛ ማየት ጀመሩ። መብራቱን ማብራትና ማጥፋት ለመዱ። ልጅቷ «አያቴ፣ አምፖሉ ይቃጠላል» ብትልም አልሰሙም።

አናጢው ለመመለስ ሲነሳ አማቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ሰውዬ። እኔ እንግዲህ አልመለስም።»

ቆመ። «ምን አሉ?»

«እዚህ ነኝ። ውሃው ራሱ ይመጣል። ሰው ያልፋል። እዚያ ከጦጣ በቀር ማን ያልፋል?»

ያለፉት በጋዎች ሁሉ በአናጢው ዓይን ፊት ተደረደሩ። «የአባባ መቃብርስ?» አለ ሳያስበው።

«እሱ የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አሉ አማቱ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ።

ሊናደድ ፈለገ፤ ለንዴቱም ጉልበት አጣ። ከሚስቱ ጋር ዕቃቸውን ሊያመጡ ወደ ጫካው ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ እሱ «በቃ፣ ተገላገልን» ይላል፤ እሷ ግን ዝም። ወንዙ ጎድሎ ስለ ነበር በዘንግ ተደግፈው ተሻገሩ።

ባለቀፎው በሩ ላይ ቀፎ ሲጠግን አገኙት። «መጣችሁ?» አለ ፊቱ በርቶ።

«ዕቃ ልንወስድ ነው» አለ አናጢው።

ባለቀፎው እጁን ሳያቆም፣ «ደግ አደረጋችሁ። ሰው እስከ መቼ ምስጥ ሲቀልብ ይኖራል» አለ። ሚስቱ ከወንዙ ውሃ ቀድታ ትመጣ ነበር፤ ሰላም አለቻቸውና ባልዲውን ለማውረድ ሁለት ጊዜ አረፈች።

አናጢው ወደ ቤቱ ወጥቶ መጋዙንና መሮውን በጆንያ መክተት ጀመረ። ሚስቱ አልተነሳችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ላይ የቀረውን ቁስል እየነካካች ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ምጥ ቢጠናባትስ?» አለች። «ጋሼ የሉ። እኛ የለን። ብቻውን በምን ያወጣታል? በቀፎ?»

አናጢው መጋዙን አስቀመጠ። ማልቀስ አማረው፤ ሐዘን ይዞት አልነበረም፣ ከድካም ብዛት ነው። «እንዴ፣ እስክትወልድ እንቀመጥ ነው የምትይኝ? ከዚያ ደግሞ ሕፃኑ ይታመማል። ከዚያ ሌላዋ ትወድቃለች። ማለቂያ አለው?»

«እንቀመጥ አላልኩም። ጫንቃ ላይ ሳትወጣ፣ በእግሯ እያለች ትውጣ ነው የምለው። ሁሉም ይውጡ።»

ወደ ባለቀፎው ሄደው ነገሩት። ባለቀፎው እስከ መጨረሻው አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ቀፎዬን ለማን ጥዬ? ዕድሜዬን ያፈራሁት እሱን ነው። ንቦቹን ማን ያያቸዋል?»

የባለቀፎው ሚስት ከተቀመጠችበት ሆና፣ «ንቦቹ ክንፍ አላቸው» አለች። «የሌለኝ እኔ ነኝ።»

ባለቀፎው ተነስቶ ወጣና ቀፎዎቹ የተሰቀሉበትን ዛፍ ሥር ሥሩን ሲዞር ዋለ። ማታ መጥቶ ለአናጢው፣ «ድልድይ ካልሠራን ግን በውሃ አላስገባትም» አለ።

ሁለቱ ወንዶች ግንድ ቆርጠው፣ ጠርበው፣ እየገፉና እየጎተቱ ወንዙ ላይ አጋደሙት። የእጃቸው ቆዳ ተላጠ። ሲጨርሱ አናጢው በላዩ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ገረመው፤ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ይህ የተሻለው ሥራው ነበር፣ የሚጠቀሙበትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለባለቀፎው ሊነግረው አሰበና ሰለቸው።

ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ጠዋት ወጡ። የሚጠብቁት ሴቶችም «እንግዲህ እኛው ሄደን እንፈልጋቸው» ብለው ልጆቻቸውን አዝለው ተከተሉ። ማንም አላለቀሰም፤ ለልቅሶም ዕረፍት ያስፈልጋል። የባለቀፎው ሚስት በየግንዱ እየተቀመጠች፣ በራሷ እግር፣ መንገዱ ድረስ ደረሰች። ከጊዜ በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ብዙ ተጨንቃ ወለደች፤ ነርሷ ላቧን እየጠረገች ስትወጣ ባለቀፎውን አይታ «እንኳንም መጣችሁ» ብቻ አለችው። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ኑሮው ቀለለ ማለት አይደለም። አናጢው አልጋ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ሥራ አገኘ፤ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው መኝታ ሲጠርብ ይውላል። አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ እሱ መሬት ላይ ነው። ሱቁ ሬዲዮ ይከፍታል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። አማቱ ደግሞ አሁን «ጫካው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ዝም ይላል» ማለት ጀምረዋል። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ጣራው ታነሳለች።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ አናጢው ፊቱን ታጥቦ፣ ከተማውን ዞር ዞር ብዬ ልይ ብሎ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። እዚያው ጫማው በአንድ እግሩ ላይ እንዳለ ጋደም አለ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቧንቧው ዘንድ የግቢው ልጆች እየተራጩ ይጮኻሉ። አማቱ በመስኮቱ ብቅ ብለው ምርኩዛቸውን አወጡና በቆርቆሮው አጥር ላይ ነረቱት።

«እናንተ! ወደዚያ ሂዱና ተጫወቱ! ሰውዬው ደክሞታል!»

ልጆቹ እየተንሾካሾኩ በአጥሩ በኩል ዞሩ። አናጢው ሰምቷል። ዓይኑን ለመግለጥ ግን አቅም አልነበረውም፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።